የቀለም ቀቢዋ ወንድም

«ሟቿ ምን ነበር የምትሠራው?» አሉ ሴትዮዋ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ።

የሟቿ ወንድም አፉን ሳይከፍት አክስቱ ቀደመችው። «ቢሮ! ትልቅ ቢሮ ነበር የምትሠራው፤ ነፍሷን ይማርና።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ የእጮኛው እናት ናቸው። ውሸቱ የአክስቱ ብቻ አልነበረም። ባንክ ከተቀጠረ ጀምሮ ለጠየቀው ሁሉ «እህቴ ቢሮ ናት» ሲል ኖሯል።

ቢሮስ አንዴ ገብታ ነበር። አጎታቸው ደጅ ጠንተው ቢያስገቧት አሥራ አንድ ቀን ሠርታ ወጣች። «ምነው?» ሲሏት፣ «እኔ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ፤ ለካ ወንበሩ ነው እኔ ላይ የተቀመጠው!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። በማግስቱ ብሩሽና ባልዲዋን ይዛ ወደ ቀለም ቅብ ሥራዋ ተመለሰች። ዘመድ ተሰብስቦ፣ «ሴት ልጅ መሰላል ላይ! ማን ያገባሻል?» አላት።

«መሰላሉን የሚይዝልኝ» አለች።

ወንድሟን ያስተማረችው በዚያው ሥራ ነው። የተመረቀ ዕለት ቱታዋን እንደለበሰች እየሮጠች ስትመጣ አይቶ፣ «እታለም፣ ምናለ ልብስ ብትቀይሪ?» አላት። አልተቀየመችም። «ብቀይርማ ሌላ ሰው መጣ ትላለህ» ብላ ጉንጩን ሳመችው። እሱ ግን ለጓደኞቹ አላስተዋወቃትም።

በሩ ተንኳኳ። ቱታቸው በቀለም የተዥጎረጎረ አራት ሰዎች ቆመዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «የመሰላሏ ባልደረቦች ነን» አሉ። እህቱን ሥራ ቦታ ‹መሰላሏ› ብለው ነበር የሚጠሯት። «ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣነው። ወንበር እንዳናበላሽ እዚሁ ደጅ እንሁን።»

አክስቱ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «በጓሮ በኩል አስቀምጣቸው፤ ሴትዮዋ ሳያዩ።»

ተነሣ። የሽማግሌውን እጅ ይዞ አስገባና ከእጮኛው እናት ጎን አስቀመጣቸው።

«እማማ፣ እህቴ ቢሮ አልነበረችም» አለ። «ቀለም ቀቢ ነበረች። እኔንም ያስተማረችኝ ቀብታ ነው። አፍሬባት ነው የደበቅኩት።»

ሽማግሌው ወደ ሴትዮዋ ዞር አሉ።

«የሕፃናት ሆስፒታል ስንቀባ አሠሪው፣ ‹ኮርኒሱን ማን ያየዋል፤ አንዴ ቀባ ቀባ አድርጉትና ውጡ› አለን። እሷ እምቢ አለች። ‹የታመመ ልጅ ተኝቶ የሚያየው ኮርኒሱን እኮ ነው!› ብላ ሁለቴ ቀባችው። ‹አባርርሻለሁ› ቢላትም አልወረደች።»

ሴትዮዋ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ምን ቀለም ቀባችው?»

«ውሃ ሰማያዊ።»

«ደግ አደረገች» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። አክስቱም፣ «መሰላሏ ነው ያላችኋት?» ብላ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች።

ማምሻውን ሽማግሌው ሲሰናበቱ ወንድሟን እቅፍ አደረጉት። ጥቁር ኮቱ ትከሻ ላይ የጄሶ ብናኝ ቀረ። አክስቱ ልታራግፍለት እጇን ስትዘረጋ ቀስ ብሎ ያዛት።

«ተይው፣ አክስቴ» አለ።