አምስት ካልሆኑ ውድድር አይባልም

የማድሪ ወረዳ የድምፅ ጥሪ ውድድር ደንብ አራተኛ አንቀጽ «ተወዳዳሪዎች ከአምስት ካነሱ ውድድር አይባልም» ይላል። አንቀጹን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የጻፍሁትም ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ የጥድ ኮረብታ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ በአገሬው አጠራር «ፕሮፌሰር»፣ ሳለሁ፣ ተወዳዳሪው ከአርባ በላይ በነበረበት ዘመን ነው። ከአምስት በታች የሆኑ ሰዎች የሚያደርጉት ፉክክር ጉራ እንጂ ውድድር አይደለም ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

በዘንድሮው የቅርስ ቀን ጧት፣ በወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ መዝገቡን ብገልጠው አራት ስም ብቻ አገኘሁ።

ሚስ ዶቪ ራድ የምግቡ ጠረጴዛ አዛዥ ናት። አንድ ክፍል አብረን ስለተማርን፣ ከታላላቆቼ በቀር ከወረዳው ሰው «አንተ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። የአሳ መጥበሻ ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ መዝገቡን አየች።

«ፕሮፌሰር፣ የመዝናኛ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ያሉትን ሰምተሃል? ዘንድሮ ካልተሟላ፣ ሰዓታችንን ለሣር ማጨጃ መኪና እሽቅድምድም ይሰጡታል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አንቀጽህን ሰርዛታ!»

«ደንብ ለሚመች ቀን ብቻ አይጻፍም፣ ዶቪ።»

«እንግዲያው ራስህ ግባበት። ሠላሳ ዓመት የሰው ጉሮሮ ስትመዝን ኖርህ፤ አንድ ቀን የራስህን አስመዝን!»

በሕይወቴ በአደባባይ ተጣርቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ብዕሬን አውጥቼ በአምስተኛው መስመር ላይ «ኦሪን ባስኪን» ብዬ ጻፍሁ፤ ዳኝነቱንም ለቀድሞ ተማሪዬ ለኦዴሳ ፉልዉድ አስረከብሁ።

በእኛ አገር ስልክ ሳይገባ በፊት እያንዳንዱ ቤት ጧት ከደጁ ቆሞ ይጣራ ነበር። ጥሪው ቃል የለውም፤ ዜማ ነው፤ እያንዳንዱም ቤት የራሱ ዜማ አለው። መጨረሻው ረጋ ብሎ ከወረደ «ደኅና አድረናል» ማለት ነው። መጨረሻው ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ወደ ላይ ከወጣ ግን «ድረሱልን» ነው፤ ይህን የሰማ ሰው በቅሎውን ከነማረሻው ጥሎ ይሮጣል። እኔ የመረጥሁት የእናቴን የማለዳ ጥሪ ነበር።

በዕድሜ ታላቅ በመሆኔ መጀመሪያ ወጣሁ። ከረባቴን አስተካክዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ለቀቅሁት። እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ አሳፋሪ አልነበረም። መውረጃው ላይ ስደርስ ግን ጉሮሮዬ ከዳኝ። አንድ ጊዜ ተሰበረ። ላቃናው ስል ደገመኝ። በሦስተኛው እስከ ጥዶቹ ጫፍ ወጣ።

ወጣቶቹ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ሽማግሌዎቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ዶቪ ጭልፋዋን ወርውራ «ልጆቹን ቁጠሩ!» ብላ ጮኸች። ገሚሱ ወደ ወንዙ ሮጠ፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አለቃ የእሳት ማጥፊያውን ከአዳራሹ ግድግዳ ነቅሎ የሚረጭበት ነገር ይፈልግ ጀመር። እኔ «የለም! የለም!» እያልሁ እጄን ባወናጭፍ፣ ጭንቀቴ የባሰ መሰላቸው።

በዚህ መካከል ከወንዙ ማዶ አንድ ጥሪ መጣ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ። ሜዳው ሁሉ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ጥቂት ቆይቶ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ «ወንድም» የምንለው ሆሴዕ ፒግፎርድ ገመድ በትከሻው አድርጎ፣ አንድ እግሩ ቦት ጫማ ሌላው ካልሲ ብቻ ሆኖ፣ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ደረሰ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ወደ ውድድራችን ከመጣ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ማይክሮፎን የገባ ዕለት «ጥሪ ለሩቅ ሰው ነው፤ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ምን ብዬ እጮኻለሁ?» ብሎ ነበር የቀረው።

«ማነው የሰመጠው?» አለ እያለከለከ።

«ማንም አልሰመጠም፣ ወንድም ሆሴዕ።»

«የተቃጠለስ?»

«አሳዬ ብቻ» አለች ዶቪ።

«ታዲያ ማነው እንደዚያ የጮኸው?»

የሜዳው ሰው ሁሉ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

ኦዴሳ ብልህ ልጅ ናት። ስድስተኛው አንቀጽ ተጣሪው ሊል ያሰበውና ሰሚው የተረዳው አንድ እንዲሆን እንደሚያዝ ታውቃለች። ዐይኗን ጠቀስ አድርጋ «ፕሮፌሰር፣ እርስዎ የጭንቅ ጥሪ ለማሰማት ነበር ያሰቡት፤ አይደል?» አለችኝ።

አዎን ብል ውድድሩ ይድናል። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሰዓቱን ይመለከታል። ዶቪ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች።

«አይደለም» አልሁ። «ደኅና አድረናል ማለቴ ነበር።»

ሳቁ እንደ ዶፍ ወረደ። ዶቪ ግን አልሳቀችም። «አንተ ሰው! አንዲት ቀን እንኳ ትንሽ ብትዋሽ ምን ነበረበት? ተመልሰን አራት ሆንን እኮ!»

ስሜን በገዛ እጄ ሰረዝሁት። ባዶውን መስመር ሳይ፣ ደንቤን እንደ ጸሎት ስለማውቀው፣ አንድ ነገር ታየኝ።

«ወንድም ሆሴዕ፣ ቅድም ከማዶ ሆነው የመለሱት ምን ማለት ነበር?»

«ደንቁረሃል እንዴ? ‹ሰምቻለሁ፤ እየመጣሁ ነው› ነዋ!»

ወደ ሕዝቡ ዞርሁ። «እናንተስ ምን ሰማችሁ?»

«እየመጣሁ ነው!» አለ ሜዳው በአንድ አፍ።

«ደንቡ ጥሪው ሜዳው ላይ ይሰማ ይላል እንጂ ተጣሪው ሜዳው ላይ ይቁም አይልም። ምዝገባውም እስከ ቀትር ክፍት ነው፤ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። አምስተኛው ተወዳዳሪ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ሰው ላወጣ እንጂ ልወዳደር አልመጣሁም!»

«ጥሪ ለሩቅ ሰው ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ከሩቅ የተጣራ ከእርስዎ በቀር ማን አለ?»

ብዕሩን ተቀበለኝ። «እፈርማለሁ፤ ግን በነጻ አይደለም። እናትህ ሚስ አርዜላ አርባ ዓመት ከማዶ በጥሪዋ ቀስቅሳኛለች። ጥሪዋን እንዲህ አጎሳቁለህ ልትተወው ነው? ና፣ ቁም። አገጭህን ዝቅ አድርግ። ያን ከረባትም ፍታው፤ ዜማው የሚታነቀው በሱ ነው!»

በሕዝብ ፊት ከረባቴን ፈታሁ። መጀመሪያ ተሰበረብኝ። «የታረደች ዶሮ!» አለ። ደገምሁ። «አሁንም ዶሮ ናት፤ ግን በሕይወት አለች!» በአራተኛው ወረደልኝ፤ ረጋ ብሎ፣ እናቴ ታወርደው እንደነበረው።

ሆሴዕ በአምስተኛው መስመር ፈረመ፤ ባርኔጣውንም አንሥቶ በራሱ ቤት ጥሪ መለሰልኝ። ከባሚያው ድስት በስተጀርባ ዶቪ የአባቷን ቤት ጥሪ ለቀቀች፤ ድምፅ እንዳላት እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ ከዚያ የመዘምራኑ አለቃ፣ ቀጥሎም ከሃያ ዓመት ወዲህ ያልተሰሙ ቤቶች ጥሪ ከየማእዘኑ ተነሣ። ወጣቶቹም የትኛው የአያታቸው እንደሆነ እየጠየቁ ይሞክሩት ጀመር።

ኦዴሳ በማይክሮፎኑ «ቀጣይ ተወዳዳሪ! እባካችሁ፣ ቀጣይ ተወዳዳሪ!» ትላለች፤ ማን ሰምቷት።