የዋቢው ልብ

ዋቢው የምንለው ሰው በሆስፒታላችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራል። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የልብ አልትራሳውንድ ለሚሠለጥኑት ጤነኛ ልብ ምን እንደሚመስል የማሳየው በእርሱ ደረት ላይ ነበርና፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አንድ ቀን ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ይተኛልኝ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት የአንሶላ ጋሪውን በራፉ ላይ አቁሞ ሲገባ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

«ሊፍቱስ ደኅና ነው፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሳቀ። «ይኼ ደረቴን የምትቀቡኝ ጄል ዛሬም እንደ አማት ፊት ይቀዘቅዛል?»

የዚያ ዓመት ሠልጣኝ አሥራ አምስት ዓመት በነርስነት ያገለገለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሲስተር ነበረች። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ልብ ደም ሞልቶ በሰፋበት ቅጽበት ምስሉን ማቆም፣ የውስጥ ግድግዳውን በመስመር መክበብ፤ ተጨምቆ በጠበበበትም ቅጽበት እንዲሁ። ማሽኑ ሁለቱን አነጻጽሮ ልቡ ከያዘው ደም ከመቶ ስንቱን እንደገፋ ያሰላል። ጤነኛ ልብ ከግማሽ በላይ ይገፋል፤ የዋቢው ምንጊዜም ስድሳ ነው። ችግሩ ግድግዳው በስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ አለመታየቱ ነው፤ ዳርቻው እንደ ጭጋግ ነው። ጭጋጉ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚፈርደው የለኪው ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ለለመደው ያደላል።

ሲስተር ሁለቱን መስመሮች ሣለች።

«አርባ አንድ» አለች።

«ከስንት?» አለ ዋቢው ከተኛበት። «ከሃምሳ ከሆነ ጎበዝ ነኝ!»

ሳቅን። «እጅሽ ስቷል ሲስተር» አልኩ። «የጠበበውን ወደ ውስጥ አስገቢው።»

እንደገና ሣለች። አርባ አራት።

«መምህር፣ ያየሁትን ነው የሣልኩት።»

«ይህን ልብ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ» አልኳትና እጄን በእጇ ላይ ጭኜ መስመሩን መራሁት። ሃምሳ ዘጠኝ። «አየሽ?»

«አየሁ» አለች። ድምፅዋ ግን አላየም። ሃምሳ ዘጠኙን መዝገቡ ላይ አሰፈርኩ፤ ዋቢውም ጄሉን ጠርጎ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬ መጣች። «ይቅርታ መምህር፤ ጋሼ ዋቢ ጠዋት ከምርመራ ክፍሉ ወጥቶ እስከ ሊፍቱ ድረስ ጋሪውን ሦስት ጊዜ አቁሞ አረፈ። ቆጠርኩት።»

ልቆጣ ቃጣኝ። ከዚያ ግን የዘንድሮውንና የአምናውን የእርሱን ምስሎች ከሌሎች ስምንት ጤነኞች ምስሎች ጋር እንድትቀላቅልልኝ፣ ስሞቹን ሰርዛ ተራ ቁጥር ብቻ እንድትሰጣቸው ጠየቅኋት። የማንን ልብ እንደምከብብ ሳላውቅ አንድ በአንድ ለካሁ። ስምንቱ ከሃምሳ አምስት በላይ ነበሩ። ሰባተኛው አርባ ሁለት፤ ሦስተኛው አርባ ሰባት።

«ሰባተኛው የዛሬው ነው፤ ሦስተኛው የአምናው» አለች ዝርዝሩን ከፍታ።

የአምናውን መዝገብ አወጣሁ። ስድሳ ይላል፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ። አልዋሸሁም ብል ማን ይሞግተኛል? የዋሸ ሰው ቢያንስ እውነቱን ያውቃል። እኔ ግን ያመንኩትን አይቼ፣ ያየሁትን መሥፈርት አድርጌ፣ በዚያ መሥፈርት የሌሎችን ዓይን ሳቃና ኖሬያለሁ።

ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ። ዋቢው በእንፋሎቱ መካከል አንሶላ ያጥፋል።

«ልብህ ደክሟል» አልኩት።

«ጠዋት ደኅና ነህ አላልከኝም?»

«ጠዋት ተሳስቻለሁ።»

አንሶላውን ማጠፍ ሳያቋርጥ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ዛሬ ታየ» ብል ያበቃ ነበር። የአምናውን ከእኔ ሌላ የምታውቅ ሲስተር ብቻ ናት፤ እርሷም ነገር አታወጣም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ከአምና ጀምሮ» አልኩ። «መድኃኒት አለው፤ ይያዛል። ነገር ግን አንድ ዓመት በልቼብሃለሁ።»

በታጠፉት አንሶላዎች ክምር ላይ ቁጭ አለ። «አምና ደረጃ ሲያቅተኝ ባለቤቴ ተመርመር ብላ ነዘነዘችኝ። ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? ‹እኔ እኮ የጤነኞች ዋቢ ነኝ› አልኳት። ስምህን ጠርቼ ዝም አሰኘኋት።»

 ከመውረዴ በፊት ያማከርኩት የልብ ሐኪም ዛሬውኑ ድጋሚ ይለካ ብሎኝ ስለነበር፣ በሊፍቱ ጎን ለጎን ቆመን ወደ ምርመራ ክፍሉ ወጣን።

ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተኛ። መሣሪያውን ላነሣ እጄን ስዘረጋ አንጓዬን ያዘኝ፤ አጥብቆ አልነበረም።

«አንተ ተው» አለ። ወደ ሲስተር ዞሮም «ልጄ፣ አንቺ ለኪኝ። አንቺ ገና አታውቂኝም» አላት።

ስክሪኑ ከማይታየኝ ጥግ ሄጄ ቆምኩ። የቀረኝ የማሽኑ ድምፅና የእርሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሲስተር ረጅም ጊዜ ወሰደች።

«አርባ አንድ» አለች።

ዋቢው «ከስንት?» ብሎ አልጠየቀም።