ሦስተኛ መንጋጋ እና እርጥብ ጃንጥላ

ኖሪዮ ኢሶጋይ ሰውዬውን ሳያየው ነው የጠላው። የጠላው በእጅ ጽሑፉ ነው።

ጽሑፉ ያለበት ደብተር ኦሳካ ውስጥ፣ ጣሪያ በለበሰው የገበያ መንገድ ላይ፣ ከጫማ አዳሹ ቀጥሎ ካለው ከሐማኦካ የቪዲዮ ጨዋታ ቤት አይወጣም። ከአንድ የተጫዋች ወንበር እግር ጋር በገመድ ታስሯል። እስክሪብቶውም እንደዚሁ ታስሯል፤ ተጫዋች ሪከርድ ይሰብራል እንጂ እስክሪብቶ አይመልስም። ከወንበሩ ፊት ያለው ማሽን ውስጥ የኖሪዮና የሚትሱኤ አራት ዓመት ተቀምጧል፤ «የብረት ጥንዚዛ» የሚባል የተኩስ ጨዋታ። ጥንዚዛ የምትመስል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወደ ላይ ትበራለች፣ ጥይት እንደ በረዶ ይወርድባታል። ሥዕሉ የዛሬ ሠላሳ ዓመቱን ጨዋታ እንዲመስል ሆን ተብሎ ከጥቃቅን ካሬዎች የተለቀመ ነው። የለቀመችው ሚትሱኤ ናት። ጥይቱን፣ ፍጥነቱንና ሞቱን የሠራው ኖሪዮ ነው። ኖሪዮ በሥራ ቀን አሳንሰር ይጠግናል። ሚትሱኤ በልጅነት የአንድ ትምህርት ቤት፣ የአንድ ክፍል ጓደኛው ነበረች።

ያላለቀ ጨዋታ እንዲህ ባለ ቤት ለሙከራ ሲቀመጥ ደንቡ የታወቀ ነው። ሠሪው ከተጫዋቹ ጀርባ ይቆማል፣ የቆርቆሮ ሻይ ይይዛል፣ እንደማያውቅ ሰው ያያል። አያርምም፣ አይመክርም፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት» አይልም። ተጫዋች ሠሪው አጠገቡ መሆኑን ካወቀ ጨዋ ይሆናል፤ ጨዋ ተጫዋች ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። የሚለው ነገር ካለው ለደብተሩ ይበል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደብተሩ ላይ የተባለው ይህ ነበር፦ «ደስ ይላል።» «ከባድ ነው።» «መጸዳጃ ቤት ሳሙና የለም።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ደቃቅና ቀጥ ያለ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሞልቶ ተገኘ።

«የጥንዚዛዋ ክንፍ በተነካ ቁጥር ትሞታለች። ሆዷ ሲመታ ብቻ ብትሞት ይሻላል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነጩ ጥይት ከደመናው ጋር ይቀላቀላል፤ ሰው የሚሞተው ስላልቻለ ሳይሆን ስላላየ ነው። ከሞት በኋላ ያለው ዝምታ ግን ረዘም ያለብኝ እኔን ብቻ ነው?» ፊርማው «ሦስተኛ መንጋጋ» ይላል።

ሚትሱኤ ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ተቀምጣ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው።

«ኖሪ፣ ይሄን አየኸው? ‹ስላልቻለ ሳይሆን ስላላየ።› ልክ እኮ ነው!»

«ደመናውን የሳልሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔማ ነኝ። ለዚህ ነዋ ልክ ነው የምልህ!»

ኖሪዮ የክንፉን ነገር ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት አስቦት ነበር። ለማንም አልተናገረም እንጂ። እሑድ ቁጭ ብሎ አስተካከለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተሩ ላይ «ክንፉ ተስተካክሏል። ሠሪው ጆሮ አለው» ተብሎ ተጽፎ አገኙ። ሚትሱኤ ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። የኖሪዮን ሥራ ፎቶ አንስታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ያለ መንጋጋ አልተበላም። የኡዶን፣ የወፍራም ፓስታ ሾርባ፣ ሳህን ፊታቸው ሲቀመጥ «መንጋጋ ይሄን ቢያይ ምን ይል ይሆን?» ትላለች። አዲስ ፍንዳታ ስትስል «ይሄን መንጋጋ አይወደውም» ትላለች። ኖሪዮ ኡዶኑን ይስባል። አንድ ቀን ግን ማንኪያዋን አንስታ፦

«መጨረሻ ላይ ስሙን እናስገባው።»

«የት?»

«ከስማችን ጋር። ከሥር። ‹ጨዋታውን የሞረደ› ብለን።»

ጨዋታው ሲያልቅ በጥቁር መስኮት ላይ ሁለት ስሞች ወደ ላይ ይወጣሉ። አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ብቻ ነበሩ። ኖሪዮ አንዳንዴ ሥራ የመረረው ዕለት ያንን መጨረሻ ብቻ ከፍቶ ያየው ነበር። አሁን ስሙን የማያውቀው አንድ መንጋጋ እዚያ ሊገባ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘነበ፤ ሚትሱኤም አረፈደች። ኖሪዮ ግራ ቀኙን አየና እስክሪብቶውን አነሳ። ሦስት መስመር ሊጽፍ ነበር ያሰበው።

«ሦስተኛ መንጋጋ ተሳስቷል» ብሎ ጀመረ። «ነጩ ጥይት የደበዘዘው በስህተት አይደለም። ደመና ውስጥ የተደበቀው ያ ጥይት፣ አራተኛው ደረጃ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር እንደ ከዋክብት ይበራል። እስከዚያ ሳያይ ያልተሰቃየ ሰው፣ ማየት ምን ደስታ ይሰጠዋል? ከሞት በኋላ ያለው ዝምታም አንድ ሰው ጣቱን ከቁልፉ አንስቶ ‹የኔ ጥፋት ነው› እስኪል የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ለክቼዋለሁ።» የመጨረሻዋን ቃል ሰረዛትና «ይመስለኛል» አላት። እጁ ሲደክመው አንድ ገጽ ተኩል ሞልቷል። ለመፈረም ቀና ሲል በሩ ሥር ያለው ማስቀመጫ ላይ አንድ ጃንጥላ ውኃ ያንጠባጥባል። «እርጥብ ጃንጥላ» ብሎ ፈረመ።

ሚትሱኤ መጥታ አነበበች። እንደገና ተቀመጠች።

«ኖሪ! ሌላ ሰው መጣ እኮ! ይሄኛውማ...»

«ይሄኛውማ ምን?»

«ከመንጋጋም ይበልጣል!»

አሳንሰር አንድ ፎቅ እስኪወጣ ለሚፈጅበት ያህል ኖሪዮ ደስ አለው። ከዚያ እሷ ደብተሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ «እንዲህ የሚገባው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» አለች። ኖሪዮ አሁን የሚቀናባቸው ሰዎች ሁለት ሆኑ።

መንጋጋ መለሰ። ጃንጥላም መለሰ። መንጋጋ በትሕትና ይጽፋል፤ «እርስዎ ካሉት በኋላ ዝምታውን ሁለት ቀን ተለማመድኩት፤ ልክ ነዎት» ይላል። ይህም ኖሪዮን ይበልጥ አበሸቀው። ተከራክሮ የሚያሸንፈው እንጂ የሚያመሰግነው ሰው አልፈለገም ነበር።

የጨዋታው ዲስክ ለክረምቱ የቶኪዮ የጨዋታ አውደ ርእይ እንዲደርስ ሰኞ ወደ ማባዣ ቤት መሄድ ነበረበት። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ሚትሱኤ ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፈች፦ «መንጋጋና ጃንጥላ ሆይ፣ ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ፊት ለፊት ካለው ኡዶን ቤት ምሳ ጋብዣችኋለሁ። ሠሪዋ።»

«ደንቡን ጣስሽ እኮ!» አለ ኖሪዮ።

«ደንብ ስጠብቅ ጨዋታዬ ይበላሽ? ነጩን ጥይት ምን እናድርገው? አንዱ ቀይሩ ይላል፣ አንዱ አትንኩ ይላል። ይምጡና ይጨርሱልኝ።»

ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አንድ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጥፍሩን በጣም አሳጥሮ የቆረጠ ሰው በሩ ላይ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠ።

«ሙካይ እባላለሁ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምሠራው። ነጭ ነገር ላይ ትንሽ እብድ ነኝ፣ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። ሰው አፍ ውስጥ ብቻ ነጭ አሥራ ስድስት ዓይነት ነው።»

ኖሪዮ ትዕቢተኛ ሰው ይመጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሙካይ ግን ከተጠበሰው አትክልት ትንሿን መርጦ አነሳ፤ ለሌሎቹ ትልልቁን ተወ። ይህም ተመዘገበበት።

አራተኛው ወንበር ባዶ ነው። ሚትሱኤና ሙካይ በሩን ያያሉ። ኖሪዮም አብሮ ያያል።

«ይዘገይ ይሆናል» አለች ሚትሱኤ።

«ዛሬ ዝናብ የለማ» አለ ኖሪዮ።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«እውነቱን ልናገር፣» አለ ሙካይ፣ «እኔ የመጣሁት እሳቸውን ለማየት ነው። በዚህ ዕድሜዬ የምከራከረው ሰው አገኘሁ። አንድ ነገር ግን ግር ብሎኛል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሦስት ደረጃ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ስጨርስ ‹ስለ ሙከራው እናመሰግናለን› ብሎ ይሸኘኛል። እሳቸው አራተኛውን የት አዩት?»

የሚትሱኤ የመብያ እንጨቶች አየር ላይ ቆሙ። ጥቁሩን ሰማይ እየሳለች ዓመት ከርማለች፤ ለእሷ ከኩሽና ግድግዳዋ እኩል የታወቀ ነገር ነው። ሌላ ሰው ሊያውቀው እንደማይችል ትዝ ብሏት አያውቅም። ኖሪዮም ሲጽፍ ትዝ አላለውም ነበር።

«አራተኛው ያለው...» አለችና ወደ ኖሪዮ ዞረች። «አንተ ቤት ነው። ለማን አሳየኸው?»

«ለማንም።»

«እኔ እንኳን ሲንቀሳቀስ አላየሁትም! ሰማዩን የሳልኩት እኔ፣ ጥይቱ ሲበራበት ያየው ጃንጥላ! ‹ገና ነው፣ ገና ነው› እያልከኝ...»

ድምፅዋ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ኖሪዮ ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ወዲያው ለየው፤ እሱ ራሱ ስንት ሳምንት ይዞት የዞረው ፊት ነው። እውነት ለመናገር ለትንሽ ጊዜ ጣመው። ኡዶኑም ያን ያህል አልጣመውም ነበር።

«ጥሩ» አለች። ቦርሳዋን አነሳች። «ከማን ጋር እየሠራህ እንደሆነ ካወቅክ፣ ዲስኩን ሰኞ ከሱ ጋር ላኩት። የኔን ስም አውጡት።»

«ጃንጥላው እኔ ነኝ» አለ ኖሪዮ።

መጀመሪያ የተናገረው ሙካይ ነው። ባዶውን ወንበር አየና «እንግዲያው አይመጡማ» አለ። ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።

ሚትሱኤ ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። «‹እንደ ከዋክብት ይበራል› ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ለኔ ምን ነበር ያልከኝ? ‹ሰማዩን አጥቁሪው።› ለምን ስልህ? ‹ዝም ብለሽ አጥቁሪው።› ለማታውቀው ጥርስ ሠሪ፣ ይቅርታ አቶ ሙካይ...»

«ኧረ ግዴለም።»

«...አንድ ገጽ ተኩል። ለኔ ሦስት ቃል!»

«አንቺ የምታነቢው ደብተሩን ነዋ» አለ ኖሪዮ።

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሴትዮ ሾርባቸውን ያለ ድምፅ መጠጣት ጀመሩ።

ሙካይ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቤተሰብ ነገር አልገባም። ስለ ጥይቱ ግን... አራተኛው ያን ያህል ካማረ፣ ሰው እዚያ መድረስ አለበት። ሦስተኛው ላይ በጥይቱ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ይኑር። አራተኛው ላይ ሲደርስ መስመሩ ይውለቅና ነጩ ብቻውን ይታይ። እኛ ጥርሱን ከድዱ ለመለየት እንዲህ እናደርጋለን።»

ኖሪዮ ሐሳቡ ላይ እንከን ፈለገ። አስተናጋጇ ለሦስቱም ሻይ ቀድታ እስክትጨርስ ፈለገ። አላገኘም፤ ከሁሉ የባሰው ይህ ነው።

«ጥሩ ነው» አለ።

«ለምን?» አለች ሚትሱኤ።

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ለምን ጥሩ እንደሆነ ተናገር። ጮክ ብለህ። ለኔ።»

ስለዚህ ተናገረ። የሚጠላው ሰው ፊት፣ የዚያን ሰው ሐሳብ እያመሰገነ፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ተናገረ። ፍርሃቱ ከየት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚለቅ፣ መስመሩ ሲወልቅ የተጫዋቹ ትከሻ እንዴት እንደሚወርድ ነገራት። ሚትሱኤ መሐል ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ በወረቀት መሐረቡ ጀርባ ላይ ጥይት ትስል ጀመር።

እሑድ ጠዋት ኖሪዮ ቤት አራተኛው ደረጃ ሲንቀሳቀስ አየችው። ራሷ ተጫውታ አሥራ አንድ ጊዜ ሞተች። ከዚያ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበችና የመጨረሻዎቹን ስሞች ጻፈች። የራሷን አስቀደመች። ቀጥላ «እርጥብ ጃንጥላ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ኖሪዮ ኢሶጋይን፣ ከዚያ ሙካይን።

«እሱ እኮ የለም!» አለ ኖሪዮ።

«ሙካይ ያለ እሱ አልገባም ብሏል። እውነቱን ነው።»

«እና እኔ ሁለት ጊዜ ልጻፍ?»

«አንተ አንድ ጊዜ ነው የተጻፍከው፤ ያውልህ፣ ሦስተኛው።»

«ለምን ከኔ በላይ ሆነ?»

«እሱ አናገረኛ» አለችና ኮቷን ለበሰች። በሩ ላይ ዞር ብላ «የሚቀጥለውን ጨዋታ እንዲህ እያወራህ ከሠራህ እናየዋለን» አለች። ደረጃውን ስትወርድ ታንጎራጉር ነበር።

ዲስኩ ሰኞ ጠዋት ሄደ። ኖሪዮ ከመላኩ በፊት የጃንጥላውን ስም በአንዲት ካሬ ዝቅ፣ በአንዲት ካሬ ቀጠን አደረገው። ማንም ሰው አያየውም፤ ሙካይ ካልሆነ በቀር።