አልዘጋም ያለው ኮምፒውተር

ዓለምብርሃን ከቀረበለት ንፍሮ እፍኝ ዘግኖ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ አፉ ሳያደርስ፣ ድንኳኑ በር ላይ ጉርምርምታ ተነሣ።

«የሽዋስ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ምነው ሸዋ! በምን ዓይኑ መጣ?» አሉ አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው።

አቶ የሽዋስ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። ከሟቹ ከአቶ ገብረሰንበት ጋር ዱርቤቴ አንድ ትምህርት ቤት ተምረው፣ አንድ ቤት ተከራይተው ያደጉ ናቸው። አሁን ባሕር ዳር፣ ሟቹ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ናቸው። እንባቸውን ሳይጠርጉ በቀጥታ ወደ ባለቤቲቱ ወደ ወይዘሮ ጌጥነሽ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። ወይዘሮ ጌጥነሽ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ሸራው ዞሩ። የተዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ምክንያቱን ቡሬ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አቶ ገብረሰንበት የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ሐኪም መንገድ እንዲቀንሱ ቢመክራቸውም በየቀኑ ከቡሬ በሚኒባስ እየተጋፉ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ቢሯቸው ይመላለሱ ነበር። ኋላ ወደ ቡሬው ቅርንጫፍ እንዲዛወሩ ጥያቄያቸውን ከነሕክምና ማስረጃው በኢሜይል ለወዳጃቸው ላኩ። መልስ ጠፋ። ባለቤታቸው «ደውልለት እንጂ» ሲሏቸው፣ «አይቶ ዝም ያለኝን ሰው ደግሞ በስልክ ልለምነው?» ይሉ ነበር። አንድ ጠዋት ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሲቆም ረዳቱ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ትከሻቸውን ነቀነቀ። አልነቁም።

ድንኳኑ በሙሉ በአቶ የሽዋስ ላይ ፈርዷል። እውነቱን የሚያውቀው ዓለምብርሃን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ንፍሮውን በመዳፉ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል።

ዓለምብርሃን የፍኖተ ሰላሙ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ጥያቄውን በላኩ ሰሞን በሥራ መውጫ ሰዓት አቶ ገብረሰንበት ይጠሩት ነበር። «ዓለሜ፣ ይኸ ኢሜይል ዛሬም አልዘጋም አለኝ። እስቲ ና እየው።» ፕሮግራሙን ሊዘጉት ሲሉ ስታክ አድርጎ ቀጥ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ መጥታ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አይዘጋም። ለምን ብሎ መጠየቅ የዓለምብርሃን ሥራ ነበር። ነገር ግን ጓደኞቹ በር ላይ ቆመው ይጠሩታል፣ ኳስ ሊጀመር ነው።

«ጋሼ፣ ይኸ ምን ያስጨንቅዎታል? ይቺን ማብሪያ ማጥፊያ ተጭነው ይያዟት፤ ራሱ ድርግም ይላል።»

«ምን ያህል ልያዛት?»

«በስመ አብ ብለው እስኪጨርሱ» አለ ዓለምብርሃን፣ ቦርሳውን እያነገተ።

መቀለዱ ነበር። እሳቸው ግን በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ ሰው ናቸውና የምራቸውን ያዙት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አውራ ጣታቸውን ቁልፏ ላይ አሳርፈው፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላሉ፤ «አሜን» ሲሉ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ቢሮው ይስቃል። ዓለምብርሃንም አብሮ ይስቅ ነበር፤ መጠራቱ ስለቀረለት እፎይ ብሎም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ኮምፒውተሩን ለሌላ ሠራተኛ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ኢሜይሉን ከፍቶ ሊዘጋው ሲል ያው ክብ መሽከርከር ጀመረች። ባዶው ወንበር አጠገቡ ስለነበረ ይሁን እንጃ፣ ያን ቀን እጁ ወደ ማጥፊያው አልሄደለትም። ጠበቀ። ከዚያ ገና ያልወጡ መልእክቶች የሚቆዩበትን ቦታ ከፈተ። አንድ መልእክት ብቻ ነበረች፤ «የዝውውር ጥያቄ» ትላለች።

የሕክምናው ማስረጃ ፎቶ ከብዶ፣ በዚያ ደካማ ኔትወርክ አላልፍ ብሏል። ፕሮግራሙ አልዘጋም ይል የነበረው እሷን ለመላክ እየታገለ ነው። አቶ ገብረሰንበት ማታ ማታ ማጥፊያውን በመጫን ከመንገድ እየመለሷት ከረሙ፤ አስተማሪው ደግሞ እሱ። ፎቶውን ማሳነስ የቡና መጠጫ ጊዜ እንኳ አይፈጅም ነበር። ዓለምብርሃን አፈረ፣ ፈራም። መልእክቷን ቢሰርዛት ማንም አያውቅም። ሊሰርዛት እጁን ሰድዶ መለሰው።

«ጌጤ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉ አቶ የሽዋስ፣ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ እንደቆሙ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ልብህን ጠይቀው።»

ዓለምብርሃን ተነሣ። ንፍሮው ከእጁ ተበተነ።

«እትዬ፣ ጥያቄው አልደረሳቸውም። ከቢሮ አልወጣም። እኔ ነኝ እንዳይወጣ ያደረግሁት።»

አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ፎቶው እንደከበደ፣ ክቧ ለምን እንደምትሽከረከር፣ ማጥፊያውን ለጋሼ ማን እንዳሳያቸው። ተናግሮ ሲያበቃ ከለቀስተኞቹ መካከል መሪጌታ ኪዳነ ማርያም እጃቸውን አነሡ።

«ተቀመጥ ልጄ። የማሽን ነገር ነው። ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ?»

«ቀኑ ነው፣ ቀኑ ነው» አሉ ሌሎቹም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ወይዘሮ ጌጥነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «ያ በስመ አብ እያለ የሚያጠፋው?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«ማታ ቤት ሲገባ እየነገረኝ እንስቅ ነበር። ዓለሜ ነው ያስተማረኝ ይል ነበር። ይወድህ ነበር።»

ይቅር ብየሃለሁ አላሉም፤ አልረገሙትምም። ወደ አቶ የሽዋስ ዞረው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

አቶ የሽዋስ ተቀመጡ። «ቂም ይዞብኝ ነው የሞተው?» አሉ። ዓለምብርሃን ሬሳውን ከተሸከሙት ጋር ያልተሸከመውን ሸክም አሁን ተሸከመው።

ያኔ ከወይዘሮ ጌጥነሽ ጭን ላይ ስልክ ጮኸ። የሟቹ ስልክ ነበር፤ ገና ያልሰማ ሰው ይሆናል የደወለው። እስኪያቆም ጠብቀው ለዓለምብርሃን ዘረጉለት።

«ዝጋልኝ። በጮኸ ቁጥር ከጓዳ ወጥቶ የሚያነሣው ይመስለኛል።»

በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ስልኩ ያረጀ ነው፤ እንዲዘጋ ሲያዘው ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ መጥታ መሽከርከር ጀመረች። ቆየች። ዓለምብርሃን አውራ ጣቱ በልማዱ የጎን ማጥፊያው ላይ ሄዶ ማረፉን አየ። ተጭኖ ቢይዘው ወዲያው ይጠፋል።

ጣቱን አነሣ። ስልኩን በመዳፎቹ እንደያዘ፣ ፊታቸው ቆሞ፣ በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ጠበቀው።