የላይኛው ባሕር ስለት

ካርቱም ላይ ዳገት የሚባል ነገር የለም። አምስት ዓመት ስኖር የወጣሁት ትልቁ ከፍታ ካፉሪ ሰፈር የምሠራበት ቪላ ደረጃ ነው፤ እሱንም በቀን አርባ ጊዜ፣ ባልዲ ይዤ። ስለዚህ ረሺድ ላግባሽ ሲለኝ "ዳገት አለብኝ" ብዬው ግራ ቢገባው አልፈረድኩበትም። ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ናቸው እንጂ እሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። የሐፍላ ሾፌር ነው፤ አማርኛውም እንደ ሚኒባሱ ይንገጫገጫል።

"ዳገት ያኒ... እንደ ኮብሪው?" አለኝ፤ የዓባይን ድልድይ ማለቱ ነው።

"ወይ ኮብሪ! አስር ኮብሪ ብትደራርብ የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ አያደርስህም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ስመጣ ከድንበሩ፣ ከጋላባት ወዲህ የጫነን ሎሪ ተገልብጦ ሁለት ሰው ሞተብን። ያኔ "ያ ረቢ፣ ካርቱም በደህና ካስገባኸኝ የላይኛውን ባሕር በእግሬ እወጣለሁ" ብዬ ተሳልኩ። የላይኛው ባሕር ከሰፈራችን በላይ፣ ተራራው አናት ላይ ያለች ሐይቅ ናት፤ ግማሽ ቀን ታስወጣለች። ስለት ያለበት ሰው በቅሎ አይቀመጥም፣ ምርኩዝ አይይዝም። ውሃው ጋ ደርሶ ፊቱን ሲታጠብ ነው ስለቱ ተፈታ የሚባለው። ሳይፈታ ደግሞ ኒካህ አያስርም። እኔ እንደሁ ያለ ወረቀት የገባሁ ሰው ነኝ፤ አንዴ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ወይ ረሺድን ወይ ዳገቱን መምረጥ ሆነብኝ።

አንድ መላ ነበር፤ የልጅን ስለት እናት ልትወጣው ትችላለች። ወደ አገር ለምትገባ ሴት ካሴት ሰጥቼ ላክኩ። "እማ፣ ውጪልኝ። ጂብሪል ቴፕ ይዞ ይከተልሽ፤ መድረስሽን በጆሮዬ ልስማ" አልኩ። ጂብሪል ታናሽ ወንድሜ ነው። ነፍሴን እሰጠዋለሁ፣ ወሬውን ግን አላምነውም፤ በጉ ጓሮ ታስሮ እየጮኸ "ተሸጠ" የሚል ልጅ ነው።

የመልሱ ካሴት በአራተኛ ወሩ መጣ። አርብ፣ የእረፍት ቀኔ ነበር። ዴም በተከራየሁት ክፍል በሬን ዘግቼ ቴፑን ከፈትኩ። ረሺድ ውጪ ሐፍላው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

"እማ፣ ቢስሚላህ በይ" ይላል ጂብሪል።

"ብያለሁ። አንተ ተኝተህ ሳለህ ነው ያልኩት" አለች እናቴ።

ሳቅኩ። ድምጿን ከሰማሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበርና ሳቄ መሃል ላይ ተበላሸ።

ካሴቱ የአንድ ሰዓት ነው፣ መንገዱ የግማሽ ቀን። ጂብሪል እየዘጋ እየከፈተ ነው የቀዳው። እናቴ ትቆጣዋለች፦ "አትዝጋው! ድካሜን ትስማው እንጂ። እሷ እዚያ ሜዳ ላይ ዳገት ረስታ ይሆናል።" አልረሳሁም። ጠጠሩ ከእግራቸው ስር ሲንሸራተት የመጀመሪያው መታጠፊያ መሆኑን አወቅኩ። ነፋሱ ቴፑን ሲመታው ከጽዶቹ በላይ እንደወጡ አወቅኩ። እዚያ ቦታ ልጅ ሆኜ ጎኔን ይወጋኝ ነበር፤ አሁንም ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ወጋኝ። እናቴ ቃል መናገር አቅቷት መተንፈስ ብቻ ሆነች። "በርቺ እማ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" እላለሁ ለቴፑ፣ እንደ እብድ።

"ይኸው ውሃው!" ብሎ ጮኸ ጂብሪል። "እማ ተነሺ እንጂ፣ መቶ እርምጃ አይሞላም።"

"አልነሳም።"

ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ቴፑን ከእጁ ሳትቀበለው አልቀረችም፤ ድምጿ ቀረበ።

"ሉጥፊያ፣ ልጄ። ሐይቋ ትታየኛለች፤ ዛሬ አረንጓዴ ሆናለች። እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። አቅቶኝ አይደለም፣ ወንድምሽ ምስክሬ ነው። ግን ይህን ከጨረስኩልሽ ምን ብለሽ ትመጫለሽ? ሥራ አለሽ፣ ባል ይኖርሻል፣ ልጅ ይከተላል። እኔን ብለሽማ አልመጣሽም። ዳገቱን ወጥቼልሻለሁ፤ ይህችን መቶ እርምጃ ራስሽ ትሄጃታለሽ። እንዳትቀየሚኝ።" ከዚያ "ዝጋው" አለችው።

ተቀየምኳት። ፍቺኝ ብላት ጭራሽ አሰረችኝ ብዬ ተንጨረጨርኩ፤ ቴፑን ግድግዳ ላይ ላጋጨው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ወደ ኋላ አጠነጠንኩና "ልጄ" የምትለውን ብቻ ደጋግሜ ሰማሁ።

ስወጣ ረሺድ "ደረሱ?" አለኝ።

"መቶ እርምጃ ቀራቸው።"

"ማሊሽ፣ ግድ የለም፣ ነገ ይጨርሱታል!" አለ፣ የሜዳ ልጅ።

"የቀረው የኔ ነው።"

መሪውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። ቆይቶ "ትሄጃለሽ?" ሲለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ከማግባት ይልቅ አገሬ መሄድን እንደምፈልግ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ግን መመለሻ ስለሌለኝ አልሄድኩም። በዓመቱ ስለቴን እንደተሸከምኩ ኒካህ አሰርን፤ ሰፈሬ ቢሰማ ጉድ ባለ ነበር።

ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ፤ ሁለት ልጆች ወልደናል። አሁን ጂብሪል ሞባይል ስለያዘ አርብ አርብ ከእናቴ ጋር እናወራለን። ባለፈው አርብ እንዲህ አለችኝ፦

"ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ድንጋዩን ግን ለጂብሪል አሳይቼዋለሁ። እኔ ባልኖር ከየት እንደምትጀምሪ ያሳይሻል።"

"ኢንሻአላህ፣ እማ።"

"ኢንሻአላህስ ኢንሻአላህ ነው" አለች። "ወሩን ንገሪኝ።"

ስልኩን ሳትዘጋ ትጠብቃለች።