እሽሽ ያለችው ሴት

እንዲያውም ዕድሜዬን ይንሳኝ ከዋሸሁ፣ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ ነው የምምለው፣ ማዳመጫው ጆሮዬን እንደ ጉጠት ይዞታል፣ እዚህ ሬዲዮ ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የገዛ ዘፈኔን እሰማለሁ፣ አራት ደቂቃ ከአስር ሴኮንድ፣ ሲያልቅ ጋዜጠኛዋ ጣቷን ታነሳና ትጠይቀኛለች፣ ጋሼ፣ መሃል ላይ እሽሽ የምትለው ሴት ማን ናት? ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ መልስ። ጥላኝ የሄደች ፍቅረኛዬ።

የለችም እንዲህ ያለች። ታላቅ እህቴ ናት።

ዛሬ ጠዋት ደወለች፣ አንተ ቀጣፊ፣ ሬዲዮ ልትቀርብ ነው አሉ፣ አዎ እትዬ፣ እንግዲህ እውነቱን ተናገር፣ አለዚያ ደጄን እንዳትረግጥ፣ እንዴ እትዬ፣ ለአንዲት እሽሽ? አዎ ለአንዲት እሽሽ! ሰው በሰማው ቁጥር ያቺ ከሃዲ ይላል፣ እኔ ማንን ከዳሁ፣ ልጄን አስተኛሁ እንጂ! ዘጋችው። ስትዘጋው የቤቴ ግድግዳ ልስን ረገፈ።

አዝማቹ ደረሰ፣ አቤት ድምፄ፣ ሐዘን ነው ይሉታል፣ ምን ሐዘን፣ ፍርሃት ነው፣ የስቱዲዮው ጣሪያ ቢያፈስብን ልንቀዳ የእትዬ ሳሎን ገባን፣ ሶፋውን ግድግዳ አስጠግተን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ አራስ፣ ልጇ ጓዳ ተኝቷል፣ ዘፈኑ ያኔ ጩኸት ነበር፣ ድራም መቺያችንን ነጎድጓድ ነው የምንለው፣ አንዴ ሲመታ ሦስተኛው ሰፈር ያለች ዶሮ ያለ ቀኗ እንቁላል ትጥላለች፣ እትዬ በሩ ላይ ቆመች፣ ልጁን የቀሰቀሰ ጊታሩን አናቱ ላይ ነው የምሰብርለት። ነጎድጓድ አየኝ፣ ከምሯን ነው እንዴ? ከምሯ ነው። የሕፃኑን ብርድ ልብስ ድራሙ ላይ አለበሰና በጣቱ መታ፣ ነጎድጓድ፣ በጣቱ! እኔም አንሾካሾክሁ፣ መሃል ላይ ረስቶ አንዴ ቢያጮኸው በሩ ሲጢጥ አለ።

እሽሽ። ይኸው፣ አሁን በማዳመጫው አለፈች።

እንድገመው ሳንል፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ፣ ያው ቅጂ ቀረ፣ ዘፈኑ መጨረሻ ላይ እየራቀ የሚጠፋው ለቅሶውን ለመሸሽ ነው፣ አንድ ሃያሲ ግን የተስፋ መቁረጥ አድማስ ብሎ ጻፈ። ይጻፍ። ነጠላ ዜማው ወጣ፣ ከሬዲዮው ሃያ ምርጥ ዘፈኖች አስራ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ፣ በሳምንቱ ከዝርዝሩ ወደቀ፣ አለቀልን አልን፣ ከዚያ ልጅ ያስተኛል የሚል ወሬ ተነዛ፣ እናቶች ጣቢያውን በስልክ አጨናነቁት፣ ሽቦው ግሎ ወፍ አልቆምበት አለ፣ ስምንተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንደኛ! አስራ አንድ ሳምንት ማን ነቅንቆት። ያኔ አንድ የጋዜጣ ሰው መጣ፣ ሴትዮዋ ማን ናት? እህቴ ልል አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት፣ ብዕሩ ተንጠልጥሏል፣ እንባ እንባ ብሎታል፣ ላሳዝነው? ፍቅረኛዬ አልኩ። አፍ ነዋ።

አሁን ብናገር በዚህ ዘፈን የተለያየ፣ የታረቀ፣ ትራስ ያራሰ ሁሉ ምን ሊለኝ ነው፣ ለብርድ ልብስ ነው ያለቀስነው? ዝም ብልስ? ያሳደገችኝ እሷ፣ ከሰው የቀረችኝ እሷ፣ እሁድ እሁድ ማን ቤት ልሄድ ነው፣ ማንስ ሳጋንን አንተ ቀጣፊ ይለኛል፣ ዘፈኑ እየራቀ ነው፣ ራቀ፣ የጋዜጠኛዋ ጣት ተነሳ።

ጋሼ፣ ያቺ ሴት ማን ናት?

እህቴ ናት፣ እላለሁ፣ ልጇን እያስተኛች ነበር፣ ማንንም አልከዳችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ጋዜጠኛዋ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች፣ እኔ መስታወቱን አያለሁ፣ ከወዲያ ቴክኒሻኑ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ መስታወቱ ላይ ይለጥፍልኛል፣ እህትዎ ደውለዋል፣ በሩ ክፍት ነው ብለዋል።

እፎይ።

እሺ፣ እሺ፣ ወረቀቱ እህትዎ ደውለዋል ብቻ ነው የሚለው። የበሯን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኳት።