የሱልጣን ጣቶች

አራጋው ዓረብ አገር፣ ሱለይ በሚባል ሰፈር ባለው የካርቶን ፋብሪካ፣ መቁረጫ ማሽን ላይ ሦስት ዓመት የሠራው ከረድዋን ጋር ነበር። ረድዋን ካርቶኑን አስተካክሎ ያስገባል፤ እጁን ያወጣና «ኸላስ!» ይላል፤ ጨረስኩ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ አራጋው ማስነሻውን ይጫናል። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ብዙ ማውራት አይቻልም፤ ለእነሱ ግን ያቺ አንዲት ቃል ትበቃቸው ነበር።

ከረመዳን በኋላ አዲስ ሙዲር፣ ማለትም ሥራ አስኪያጅ፣ መጣ። አንድ ሰው በታመመ ቁጥር ሥራ ይቆማል ብሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩትን ሁሉ በታተነና በየሳምንቱ የሚቀያየር የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ለአራጋው ከማሸጊያ ክፍል የመጣው ሱልጣን ደረሰው፤ ቀልጣፋ የከሚሴ ሰው ነው። «ያላ ወንድሜ» ተባባሉና ሥራ ጀመሩ። ማንም ምንም አላስረዳቸውም፤ እነሱም አልተጠያየቁም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ካርቶን ታጥፎ ማሽኑ ውስጥ ተቀረቀረ። ሱልጣን ሊያወጣው እጁን ሰደደና «ኸላስ! ኸላስ!» አለ።

አራጋው ተጫነ።

የሱልጣንን ጩኸት ሰምቶ እንኳ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። ሰዎች እየገፈተሩት አለፉ። ሱልጣንን በመኪና ይዘውት ሲሄዱ እሱ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ደርቆ ቆሞ ነበር።

ሙዲሩ ቢሮ አስጠራው።

«አቁም እያለህ ለምን ተጫንክ?»

«ጨረስኩ ነው ያለኝ።»

«እሱ አቁም አልኩት ነው የሚለው።»

«ኸላስ ነው ያለው!»

«እኮ!» አለ ሙዲሩ።

አራጋው ግራ ገባው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያደርገው የኖረውን ነው ያደረገው። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ሱልጣን ወደሚኖርበት ዑድ ወደሚባለው ሰፈር ሄዶ ጠየቀው። ሁለት ጣቶቹ ከጫፋቸው ተቆርጠዋል።

«አውቀህ ነው?» አለው ሱልጣን፣ ገና እንዳየው።

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው! ጨረስኩ ያልከኝ መስሎኝ ነው።»

«እኛ ማሸጊያ ክፍል ኸላስ ከተባለ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። በቃ፣ ቁም ማለት ነው እኮ!»



በማግስቱ አራጋው ኸላስ ማለት ምን እንደሆነ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ግማሹ ተጫን ማለት ነው አለ፤ ግማሹ አቁም። ረድዋንማ «እኔም ከትናንት ወዲያ ለጥቂት ነው የተረፍኩት» አለው። ሁለቱ ተያይዘው ሙዲሩ ዘንድ ገቡ።

«ሰው አትቀያይር አንልህም» አለ አራጋው። «ስትቀያይር ግን መጀመሪያ እንድንነጋገር አሥር ደቂቃ ስጠን።»

ሙዲሩ ዝርዝሩን ትኩር ብሎ አየና «ሰጥቻችኋለሁ» አለ።

ያን ዕለት ሁሉም ተሰብስበው ተስማሙ፦ እጁን ማሽን ውስጥ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ሱልጣን ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ሙዲሩ ከሌላ ሰው ጋር ሊመድበው ሲል «ከአራጋው ጋር አድርጉኝ» አለ።

ይቅር ብሎት ይሁን፣ ወይስ እነዚያን ጣቶች በየቀኑ እንዲያያቸው ፈልጎ፣ አራጋው አላወቀም።  ጎን ለጎን ቆሙ። ሱልጣን በደህናው እጁ ማጥፊያውን ተጫነና ማሽኑ ጸጥ እስኪል ጠበቀ።